የነሪ ድርሻ

ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ ጂንካ ከአሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ዳር፣ በአንድ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ባለ የፑል ጠረጴዛ ላይ የተጀመረ ልምምድ ሳያልቅ ቀረ። ኳሶቹ ከጠረጴዛው መሐል ተነሥተው እስከ ዳር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተደርድረው ነበር። ተለማማጁ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ወደ ቀዳዳው መክተት አለበት። ነጩ ኳስ ግን የቀሩትን ጫፋቸውን እንኳ ሳይነካ፣ የጠረጴዛውን የጠርዝ ጎማም ሳይገጭ፣ ለሚቀጥለው ምት በሚመች ቦታ ማረፍ አለበት። ከነካ አበቃ፤ ሁሉም ተለቅሞ እንደገና ይደረደራል።

ሻንቆ ገሚሱን አስገብቶ ነበር። ከዚያ መምቻውን፣ ስቴካውን፣ ጨርቁ ላይ በጥንቃቄ አስተኛና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ አየለች ውሃ ይዛለት ስትመጣ ዐይኑ ክፍት ነበር፤ ወደ ሜዳው ያያል። እሱ ግን አልነበረም።

ድንኳን ሲተከል ቦታ ጠበበና ከገዘር የመጡ ዘመዶች ጠረጴዛውን ወደ ጥግ እንግፋው አሉ። አራት ሆነው ቢገፉት አልነቃነቅ አለ። አየለችም "ተዉት፣ አይነካም" አለችና ሸራውን ከኳሶቹ በላይ አለበሰችው። ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ የቀሩት ኳሶች ከሸራው ሥር ጉብ ጉብ ብለው ይታዩ ነበር፤ ብርድ ልብስ የለበሰ ልጅ ጉልበት ይመስላሉ።

ሻንቆ የገዘር ሰው ነው፣ የአሪ ልጅ። ጂንካ የገባው ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት ሲሆን ሥራው ከብት ማባረር ነበር። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሐል፣ ሣር ላይ ነው። ሣር ካለ ደግሞ ላም አለ። ከተራሮቹ በስተጀርባ ጉምጉምታ ሲሰማ ሻንቆ ዱላውን ይዞ ይሮጣል፤ ላሞቹ እየተጎተቱ ይወጣሉ፤ ያልወጡ እንደሆነ አውሮፕላኑ አንድ ዙር ዞሮ ይመለሳል። ከተማው "ዛሬም ለሻንቆ አንድ ዙር ተሰጠው" እያለ ይስቃል። ከዚያ አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ ጭጋጉ ይወርዳል፣ ላሞቹ ይመለሳሉ፤ ሻንቆም የቀረውን ቀን እንደ ሕልም ያሳልፈዋል።

በሜዳው ዳር የጋሽ ደበሌ ሱቅ ነበር። ጋሽ ደበሌ ከወሊሶ የመጡ፣ ሚስማርና ሲሚንቶ የሚነግዱ ሰው ናቸው። አንድ ክረምት በጭነት መኪና፣ በፍራሽ ተጠቅልሎ አንድ ትልቅ ነገር አስመጡ። ፍራሹ ሲፈታ አረንጓዴ ጨርቅ ወጣ። ሻንቆ መጀመሪያ ያየው ጠረጴዛ አይደለም፤ ሜዳ ነው። የሱን ሜዳ አንድ ሰው አሳጥሮ፣ አጥቦ፣ ላሞቹን አስወጥቶ በእንጨት እግር ላይ ያቆመው መሰለው።

ጠረጴዛው የተቀመጠው በረንዳ ላይ ነበር። የጂንካ በረንዳ ደግሞ ዝናብ እንዳይተኛበት ወደ ታች አዘንብሎ ነው የሚለሰነው፤ ያላዘነበለ እንደሆነ ግንበኛው ይሰደባል። ስለዚህ ጠረጴዛው ከበረንዳው ጋር አብሮ አዘነበለ፤ የነሪ ወንዝ ወዳለበት አቅጣጫ። ጋሽ ደበሌ ከእግሮቹ ሥር የታጠፈ ካርቶን ወሸቁ። ካርቶኑ ዝናብ ጠጥቶ ሟሸሸ። ሌላ ወሸቁ፣ እሱም ሟሸሸ። በመጨረሻ "ተዉት፣ ይልመዱት" አሉ።

ተለመደ። ቀስ ብሎ የተመታ ኳስ መንገዱን ሊጨርስ ሲል፣ ውሃ እንደ ሸተተው ከብት አንገቱን ወደ ነሪ ያዞራል። የጂንካ ተጫዋች ሲያነጣጥር ያችን ጥምዛዜ አስቀድሞ ይተውላታል። ስሟም "የነሪ ድርሻ" ሆነ። አዲስ ሰው መጥቶ ቀጥ አድርጎ ሲመታና ሲስት በረንዳው በአንድ አፍ "ነሪ ወሰደው!" ብሎ ይጮኻል።

ሻንቆ ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ጨርቁን ይቦርሻል፤ በዚህም ለብቻው እንዲለማመድ ተፈቀደለት። ልምምዱን ያስተማረው አንድ ከአርባ ምንጭ የመጣ ሾፌር ነው፤ መንገድ ተቆርጦበት ስንት ቀን ተቀምጦ ሲሄድ ትቶለት የሄደው ነው። አንዱ የጠርሙስ ልምምድ ነበር። ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል፤ ስቴካው ወደ ጠርሙሱ አፍ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ጠርሙሱ ቅጭል ካለ ክንዱ ተጣሟል ማለት ነው። ኳስ የሚባል ነገር አይመታም።

"ሻንቆ" ይሉታል ጋሽ ደበሌ ከሱቁ ውስጥ፣ "ከኳሱ ይልቅ ጠርሙሱን ወደድከው። ባዶ ባይሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር።"

"ይለመዳል ጋሽ ደበሌ።"

"ምኑ?"

"ዝም ማለቱ።"

ሁለተኛው ልምምድ መላክና መቀበል ነው። ነጩን ኳስ ከአንድ ጫፍ በጠረጴዛው ርዝመት ልኮ፣ ከወዲያኛው ጎማ ሲመለስ ራሱ ስቴካው ጫፍ ላይ መጥቶ እንዲቆም ማድረግ። ቀላል ይመስላል። ሻንቆ ወራት ፈጀበት። አንድ ጠዋት ግን ኳሱ ሄዶ፣ ነክቶ፣ ተመለሰና ስቴካው ጫፍ ላይ እንደ ለማዳ ወፍ አረፈ። ከዚያ ወዲያ አልሳተውም። ቀጥታ መምታት ቻልኩ አለ። ኳሱን ወደ ሽቅቡ ዘንበል አድርጎ እንደሚልከው አልታወቀውም። እጁ የነሪን ድርሻ ሳይነግረው ተምሮ ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ሕልም ይመላለስበት ነበር። ነጩን ኳስ ይመታዋል፤ ጨርቁ ይረዝማል፣ ሣር ይሆናል። ኳሱ በላሞቹ መሐል ያልፋል፣ ላሞቹ ቀና ይላሉ፤ ተራራው ሥር ደርሶ ይነካል፣ ይመለሳል። ሲሄድም ሲመጣም ወዴትም አያዘነብልም። በሕልሙ ውስጥ ነሪ የለችም። ነቅቶ ለአየለች ሲነግራት "ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?" አለችው። ማልቀሱን አላወቀም ነበር።

አየለች ያኔ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረች፤ ባሏ ፑል ቤት መዋሉ በጉባኤው ዘንድ ይወራ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊገሥጹት አንድ ጠዋት በረንዳው ድረስ መጡ። ሻንቆ ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን ይዟል። ስቴካው ይገባል፣ ይወጣል። ሽማግሌው ቆሙ። ጠበቁ። ምንም አልተመታም፣ ገንዘብ አልተበላም፣ ማንም አልጮኸም። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወንድም ሻንቆ፣ ጨዋታው መቼ ነው የሚጀመረው?"

"ገና ነው አባ። አልደረስኩበትም።"

ሽማግሌው ተመልሰው ሄደው ለአየለች "እኔ እሱን ለመገሠጽ አልበቃም፤ እኔ ስጸልይ እንኳ እንደዚያ አላተኩርም" አሏት። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረውም።

ጂንካ ውስጥ ሻንቆን የሚረታ ጠፋ። ዝናው ወጣ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ከቀይ አፈር ከተማ ጥሪ መጣ። እዚያ ሶፊያን የሚባል፣ ሱቅ ያለው ወጣት አዲስ ጠረጴዛ ገዝቷል፤ የጂንካውን ጀግና ማየት ይፈልጋል። ሐሙስ የገበያ ቀን፣ ጋሽ ደበሌና ግማሽ በረንዳ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ሻንቆን ይዘውት ሄዱ።

የሶፊያን ጠረጴዛ ከሱቁ ጓዳ፣ በተስተካከለ የሲሚንቶ ወለል ላይ ነበር። ሻንቆ የመጀመሪያውን ኳስ መታ። ኳሱ ቀዳዳውን በአንድ ጣት ያህል ስቶ ጎማውን ነካ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን በጣም ተጠንቅቆ፣ በጣም ቀስ አድርጎ መታው፤ እሱ ከሁሉ የባሰ ሳተ። የጂንካ ሰዎች ከልምድ "ነሪ ወሰደው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ነሪ እዚያ አልነበረችም።

"ወንድሜ" አለ ሶፊያን፣ በጨዋነት ሳቁን አምቆ፣ "እናንተ ዘንድ ኳሱ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ መታሁት።"

"እስቲ ና።" ሶፊያን አንድ ኳስ አንሥቶ የጠረጴዛው መሐል ላይ አስቀመጠና እጁን አነሣ። ኳሱ ቆመ። ሁሉም አየው። ሶፊያን "አየህ?" አለ። "እዚህ ኳስ ካልመቱት አይሄድም።"

ጓዳው በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ደበሌ እንኳ ሳቁ፤ ከዚያ የሻንቆን ፊት አይተው አቆሙ።

ሲመለሱ ሻንቆ ከጭነቱ ላይ፣ በማሽላ ጆንያ መሐል ተቀምጦ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ አስቀምጦት መጣ። ማታ አየለች ምን ሆነህ ብትለው "መሸነፉ አይደለም" አላት። "ይህን ሁሉ ዓመት የተማረው እጄ መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ይሆን እንዴ እጄን የያዘው? እጄ የኔ ነው ወይስ የሱ?"

 ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ እስከ መጨረሻው ይችኑ ያዘ።

የጋሽ ደበሌ ጉልበት ሲደክም በረንዳውን ለሲሚንቶ ማከማቻ ፈለጉት። ጠረጴዛውን "አንተ ነህ ያሳደግከው፣ ውሰደው" ብለው ለሻንቆ ሰጡት። ሻንቆ ቤቱ ከሜዳው ዳር ነበርና በግቢው ደጃፍ ቆርቆሮ አቆመ፣ መሬቱን ደልድሎ መታ፣ ተረፈ ከሚባል ግንበኛ ውሃ ልክ ተዋሰ። የውሃ ልኩ እንጨት ጠርዙ የተበላ፣ መሐሉ ላይ ግን ትንሿ ብልቃጥ ደኅና የሆነች፣ አሮጌ ነው። ሻንቆ በአራቱም ማዕዘን እያስቀመጠ፣ ከእግሮቹ ሥር ሽብልቅ እየወሸቀ፣ አረፋዋ መሐል እስክትቆም ሠራ። ጠረጴዛው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አለ።

ደንበኞች መጡ፣ ተጫወቱ፣ ሳቱ። ሁሉም ሳቱ።

"ጠረጴዛው ሲጓጓዝ ተሰበረ!"

"አልተሰበረም፣ ተስተካከለ" አለ ሻንቆ።

"ማን አስተካክል አለህ? ነሪ የት ሄደች?"

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ደበሌን በሽማግሌነት ይዘው መጡ። ጋሽ ደበሌ በምርኩዛቸው ቆመው የሁለቱን ወገን ቃል ሰሙና ፈረዱ። "ልጄ፣ ከተማው ሁሉ ተሳስቶ አንተ ብቻ ልክ ብትሆን፣ ከማን ጋር ትጫወታለህ?"

ሻንቆ ሽብልቆቹን ነቀለና በወንዙ በኩል ዝቅ አደረገው። በረንዳው ቢቀርም "ነሪ ወሰደው!" ተመለሰ።

ግን ሽብልቆቹን አልጣላቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ ሜዳው ገና ጭጋግ ለብሶ ሳለ፣ ጠረጴዛውን ያቀናዋል። ውሃ ልኩን አስቀምጦ አረፋዋ እስክትረጋ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ጠርሙሱን ያጋድማል፤ ይልካል፣ ይቀበላል። መጀመሪያ ላይ ኳሱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን አልፎት ይመለሳል፤ እጁ ለሌለ ወንዝ ድርሻ እየተወ ነው። እጁን እንደ ልጅ ይለምነዋል፤ ሲቆጥር በአሪኛ ነው፣ ከእናቱ አፍ በሰማው ቋንቋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትነካ ሽብልቆቹን ይነቅላል፤ ጠረጴዛው ያዘነብላል፤ ከተማው ይመጣል። ቀን ቀን እንደ ሁሉም ሰው ለነሪ እየገበረ ይጫወታል። ባለ ሁለት እጅ ሆነ።

ግንበኛው ተረፈ መንገድ ላይ ሲያገኘው ይለክፈው ነበር።

"አንተ ሻንቆ፣ ያ ውሃ ልክ ጡረታው አልደረሰም? መቼ ነው የምትመልሰው?"

"ስጨርስ።"

"ምንድን ነው የምትገነባው? እኔ በዚህ ዕድሜ ስንት ቤት ጨረስኩ!"

"ያንተ ድንጋይ ነው፣ አንዴ ከቆመ ቆመ። የኔ ይሽከረከራል።"

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ውጭ ተሠራና የአሮጌው ሜዳ ጉምጉምታ ቀረ። ላሞቹ ማንም የማያባርራቸው ሆኑ። ሻንቆ ግን አንዳንድ ማለዳ፣ ኳሱ ጨርቁ ላይ ሲሽከረከር የሚያሰማውን ስስ ድምፅ ሰምቶ ቀና ይልና ከተራሮቹ በኩል ሰማዩን ይቃኛል።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. አንድ ጠዋት አየለችን "ቀይ አፈር ደርሼ ልምጣ" አላት። ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ ጋቢውን አመጣችለት። ማንንም አላስከተለም።

ሶፊያን ፀጉሩ ሸብቷል፣ ኮፍያ ደፍቷል፤ ጠረጴዛው ግን እዚያው ጓዳ ውስጥ ነበር። ሻንቆን ትንሽ ቆይቶ ለየው።

"ወላሂ አንተ ነህ? የጂንካው! ኳሱ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ለማየት ነው የመጣሁት።"

ተጫወቱ። ተራ በተራ ሲያስገቡ፣ ሲስቱ ቆይተው በመጨረሻ ጥቁሩ ኳስ ብቻ ቀረ፤ በጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከማዕዘኑ ቀዳዳ ፊት። ምቱ የሻንቆ ነው። ጠንክሮ ቢመታው ይገባል፤ ጠንካራ ምት የትም ጠረጴዛ ላይ ድርሻ አይቆረጥበትም። ሻንቆ ይህን ያውቃል። እውነቱን የሚናገር ቀስ ያለ ኳስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎንበስ አለና፣ በጠርሙስ አፍ ውስጥ እንደሚገባ አድርጎ፣ በጣም ቀስ ብሎ መታ።

ነጩ ኳስ ሄደ። ረጅም መንገድ ነበር። ሻንቆ ከስቴካው ጫፍ እስከ ቀዳዳው ድረስ አረንጓዴውን ሲያይ ላሞቹ ቀና ያሉ መሰለው። ኳሱ ሊደክም ሲል አንገቱን አላዞረም። ጥቁሩን ነካው፤ ጥቁሩም ለአፍታ አመንትቶ ወደቀ።

ሶፊያን ጥቁሩን ከቀዳዳው አወጣው፤ የነሪን ወሬ ከጂንካ ነጋዴዎች ሰምቶ ኖሯል። "ለነሪ ምንም አልተውክላት?"

"ቤቷ ትቻት መጣሁ።"

"ይህን ለመምታት ነው የመጣኸው?"

"እሱን ብቻ" አለ ሻንቆ፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ ገልብጦ አየው።

ጂንካ በተመለሰ ማግስት፣ ከሰዓት፣ በተለመደው ዘንበል ባለ ጠረጴዛ ላይ ሲጫወት ቀላል ኳስ ሳተ። ቀጥሎም ሳተ። ቤቱ "ነሪ ወሰደው! ሻንቆንም ወሰደው!" ብሎ ተንጫጫ። እሱ ግን እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። እጁ ለነሪ የሚገብረውን ሁለተኛውን እጅ ቀይ አፈር ጥሎት መጥቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት አየለች ሲሚንቶና አሸዋ አቦካችለት። ጠረጴዛውን በውሃ ልክ አቀና፤ እግሮቹን በየጉድጓዳቸው ሲሚንቶ ሞልቶ ተከላቸው። ደንበኞች አኮረፉ። ጋሽ ደበሌ በምርኩዝ፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው መጡና አንድ ኳስ መሐል ላይ አስቀመጡ። ኳሱ ቆመ። ሽማግሌው ቢያዩት፣ ቢያዩት አልሄደም።

"ይህን ሁሉ ዘመን ለወንዝ ስገብር ነው የኖርኩት በለኛ!" አሉ። ስቴካ ተቀብለው መቱ፤ ከልምድ ወደ ሽቅቡ አዘንብለው ኖሮ ሳቱ። "በል፣ ያን ጠርሙስ አምጣው" አሉት።

ከዚያ በኋላ የጂንካ ተጫዋች ሁሉ ጀማሪ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የሚያልፍ ሰው ጫጫታ አይሰማም፤ ጎምቱ ጎምቱ ሰዎች ተራ ይዘው ጠርሙስ ላይ አጎንብሰው ያያል። ሻንቆ ለራሱ አዲስ ልምምድ ጀመረ፤ የመስመሩን። እሱን ጨርሶ አያውቅም፤ ለመጨረስም አልቸኮለም።

ውሃ ልኩ ምሰሶው ላይ እንደ ተሰቀለ ነበር። ሲሚንቶው እስኪረጋ፣ መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ እስኪያርፍ እያለ በየማለዳው ይለካል። ጥቅምት 18 ማክሰኞ ማለዳ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አባርቶ ነበር። በአራቱም ማዕዘን አስቀመጠው። አረፋዋ በአራቱም መሐል ቆመች። ደግሞ ለካ፤ ቆመች። ውሃ ልኩን በመቦረሻው ጨርቅ ወለወለ፣ አቧራውን ከብልቃጧ ጠርዝ በጥፍሩ አወጣ፣ ብብቱ ሥር አደረገው።

"ወዴት ነው?" አለች አየለች።

"ተረፈ ጋ ደርሼ መጣሁ። ከመጣሁ በኋላ መስመሯን እጀምራለሁ።"

በአሮጌው ሜዳ አቋርጦ ሄደ። ሣሩ ርጥብ ነው፤ ጭጋጉ እስከ ላሞቹ ሆድ ይደርሳል፤ አንዲት ላም መንገዱ ላይ ተኝታ ነበርና አላስነሣትም፣ ዞሯት አለፈ። ተረፈ በሜዳው ማዶ የአንድ ቤት መሠረት እየጣለ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አገኘው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ተረፈ።

"ዕቃህ።"

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

ተረፈ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለው። ብልቃጧን ወደ ብርሃን አዞረ፤ ከዚያ አሁን ባስቀመጠው ድንጋይ ላይ አጋደመው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። አረፋዋ ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች።

"ትንሽ ወደ ነሪ ሄዷል" አለ ሻንቆ።

ተረፈ በመዶሻው ድንጋዩን አንድ ጊዜ ነካ አደረገው። አረፋዋ መሐል መጥታ ቆመች።

"ሰላም ዋል" አለው ሻንቆ፤ ባዶ እጁን አወዛውዞ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።